የኩሬው ጥልቀት

ሬሳዎቹ ነጭ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

ሳጅን ሐረገወይን በፖሊስነቷ ብዙ ሬሳ አይታለች። በአንድ ጠዋት ሁለት ሺህ ሬሳ ግን አይታ አታውቅም። ከሮቢት ወጣ ብሎ፣ የማሾው ማሳ ከሽንኩርቱ መደብ በሚገናኝበት ወንዝ ዳር፣ ሦስቱም የምርምር ኩሬዎች ከዳር እስከ ዳር በሞተ የቆሮሶ ዓሣ ተሸፍነዋል። ዕለቱ ሐሙስ፣ ጥቅምት ዐሥራ አንድ ቀን ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ያፍናል፤ ሽታውንማ ተዉት።

«ለዚህ ነው ከደብረ ሲና ያወረዱኝ?» አለች በልቧ። ወደ ቆላ ከተዛወረች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው። እስካሁን የያዘችው የፍየል ስርቆትና የባጃጅ ግጭት ነበር። ዓሣ ተገደለብኝ ብሎ የሚከስ ይመጣል ብላ አላሰበችም።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እነዚህ ዓሦች የሦስት ዓመት ድካም ናቸው። ቆሮሶ በይፋት ሙቀት እንዴት እንደሚረባ፣ በምን እንደሚታመም፣ ኩሬውስ እንዴት ቢቆፈር እንደሚያዋጣ ሲጠና ከርሞ፣ ቅዳሜ ከክልል የሚመጡ እንግዶች ሊመርቁት ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል። ወንበሩም ተደርድሯል። አለቃዋ ኢንስፔክተር ብርሃኑ በስልክ ያላት አጭር ነው፤ «እስከ ቅዳሜ አንድ ሰው መታሰር አለበት።»

«መጀመሪያ ያየው ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

የኩሬው ጥበቃ ነው። አብዱረሂም ይባላል፤ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው። መሬቱም የእሱ ነበር። ኩሬው ሲቆፈር አርባ እግር ማንጎ በገዛ እጁ ቆርጦ ሰጥቷል፤ በምላሹ የጥበቃነት ሥራና «ከመጀመሪያው ምርት ይደርስሃል» የሚል ቃል አገኘ። በዚያ ሙቀት ጋቢውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ቆሟል።

«ጋሼ አብዱረሂም፣ ዓሦቹ ማታ ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ። ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም።»

ሐረገወይን ጫማዋን አወለቀችና ሱሪዋን ሰብስባ ወደ መካከለኛው ኩሬ ገባች። ለምርመራ የሚላክ ውሃ ከመካከል እንጂ ከዳር አይቀዳም ተብላ ተምራለች። በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ቀዳች። አንድ ዓሣም አነሣችና ጉንጩን ገልጣ አየች። መተንፈሻ ስንጥቡ ቀይ መሆን ሲገባው እንደ ወፈረ ሻይ ቡናማ ሆኗል። ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም።

ስትወጣ ሳሩ ውስጥ አንድ ባዶ ጣሳ እግሯን መታት። የሽንኩርት ተባይ የሚረጭበት መርዝ ነው። የራስ ቅል ሥዕል አለበት።

በዚህ መካከል ሶስና በሞተር ብስክሌት ደረሰች። የምርምር ማዕከሉ ባለሙያ ናት፤ የዓሣን ጤና የምትከታተል። አገሬው «የዓሣ ሐኪሟ» ይላታል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ «ዓሣም ይታመማል እንዴ?» እያለ። ኩሬውን እንዳየች ከሞተሩ ወረደች። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እውነተኛ ልቅሶ ነበር። ፊቷን ስትጠርግ የጣቶቿ ጫፍ ቡናማ መሆኑን ሐረገወይን አየች። እንሶስላ ሞቃ ነው ብላ አለፈችው።

«ትናንት መጥተሽ ነበር?»

«ከከተማ አልወጣሁም፤» አለች ሶስና።

አራት ሰዓት ላይ፣ ጥበቃው እሱ ነውና፣ አብዱረሂም ታሰረ።

*

የምርመራው ክፍል ቆርቆሮ ነው። እኩለ ቀን ላይ ድስት ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው። ሐረገወይን ጠዋት «ጋሼ» ያለችውን ሰው አሁን «አንተ» አለችው። ሙያው እንዲህ ያደርጋል።

«ትናንት ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?»

«ኩሬው ዘንድ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ቀኑንም ሌሊቱንም።»

«ማን መጣ?»

«ማንም።»

«ታዲያ መርዙ ከሰማይ ወረደ?»

እጁ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ለምንድን ነው የምትንቀጠቀጠው?»

«በርዶኝ ነው።»

«በዚህ ሙቀት?»

ሐረገወይን ሳቀች። ደጋ ያደገች ሰው ናት። በእሷ አገር ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ በሌለበት ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ፍርሃት ነው። በማስታወሻዋ ላይ «ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ዓይን ለዓይን አያይም» ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ካሳሁን ተጠራ። ሽንኩርት አልሚ ነው፤ ማሳው ከኩሬው ጋር ይዋሰናል፤ በመስኖ ውሃ ተራ ሁለት ጊዜ ከጥበቃው ጋር ተጣልቷል። ጣሳው የእሱ ዓይነት ስለሆነ መጀመሪያ የጠረጠረችው እሱን ነበር።

«እኔማ ትናንት ከቀትር በኋላ እስኪመሽ አጣዬ ገበያ ነበርኩ፤» አለ። «ሳልፍ ግን አይቻለሁ። አብዱረሂም ቦታው ላይ አልነበረም።»

«ምን ሰዓት?»

«ስሄድ ስምንት ሰዓት ገደማ። ጎጆው ተዘግቶ ነበር።»

ሐረገወይን ብዕሯን አስቀመጠች። ሰውየው ዋሽቷል። የሚዋሽና የሚንቀጠቀጥ ሰው! ምክንያትም አለው፤ ማንጎውን አጥቷል፣ የተገባለት ዓሣም አልደረሰውም። ኢንስፔክተር ብርሃኑ ሲሰማ እጁን አፋተገ።

ወደ ማታ ሚስቱ ጠይባ መጣች። ከበሩ አላለፈችም። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንዲት የክኒን ፓኮ አወጣች።

«እህቴ፣ ይህችን አድርሺልኝ። ወባ ይዞታል። ትናንት ከቀትር ጀምሮ ቤት ተኝቶ ነው የዋለው።»

«እሱ ኩሬው ዘንድ ነበርኩ ይላል። አንቺ ቤት ነበር ትያለሽ። የቱ ነው ውሸቱ?»

ጠይባ ደነገጠች። ባሏ ምን እንዳለ አታውቅም፤ እውነቱን ብትናገር ትጎዳው እንደሆነም አታውቅም። ዝም አለች። ዝምታዋ ተቆጠረባት።

የመርዝ ጉዳይ ነው። ተጠርጣሪ ዘንድ ክኒንም ዱቄትም አይግባ ብሎ ኢንስፔክተሩ አዝዟል። ራሱን ቢያጠፋስ? ሐረገወይን ፓኮዋን ተቀበለች። «አስመርምሬ ነገ እሰጠዋለሁ፤» አለች። ከልቧ ነበር። መሳቢያዋን ከፍታ ከጣሳው አጠገብ አስቀመጠችውና ቆለፈች።

*

ዓርብ ጠዋት ጣሳውን ለላቦራቶሪ ልታሽግ አነሣችው። ገና ዘንበል ስታደርገው ከውስጡ ሸረሪት ወጣች። ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ከግድግዳ ግድግዳ አቧራ የጠጣ ድር አድርታበታለች። ውስጡ ደረቅ ነው።

ረቡዕ ማታ የተደፋ ጣሳ በሁለት ሌሊት እንዲህ ያለ አሮጌ ድር አይኖረውም። ጠርታ ካሳሁንን ስትጠይቀው አየት አደረገና ሳቀ። «ይሄማ ከሐምሌ ጀምሮ አጥሬ ላይ የተሰካው ነው። እዚያ ማን አደረሰው?»

እንግዲህ አንድ ሰው ሆን ብሎ አስቀምጦታል። ሐረገወይን ጣሳውን አስቀመጠች። ባጃጅ ይዛ ወደ ኩሬው በረረች። መሳቢያው ውስጥ የቀረውን ነገር ረሳችው።

ኩሬው ዘንድ ንድፉን የሠራው ኢንጂነር እዮኤል ከደብረ ብርሃን መጥቶ ይጠብቃታል። ቀጭን፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግቶ አራት ድንጋይ ጭኖበታል። ሐረገወይን ግን የውሃ መግቢያውን ሲሚንቶ ነበር የምታየው። ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፐርማንጋኔት ነው። የዓሣ መድኃኒት። ውሃ ሲነካው ሐምራዊ ይሆናል፤ ሲያድር እንዲህ ቡናማ ቀለም ይለቃል። ስንጥባቸውን ተባይ ሲወረው ሶስና ትሰጣቸዋለች።»

«ይገድላል?»

«ከመጠን ካለፈ ስንጥባቸውን ያቃጥለዋል። እሷ ግን አትሳሳትም። የውሃውን ልክ አስልታ ነው የምትጨምረው።»

«የውሃውን ልክ ከየት ታገኛለች?»

«ከዚህ ነዋ!» ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ጥልቀት፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ።»

ሐረገወይን ሱሪዋን አየች። የትናንቱ ጭቃ ደርቆ የተወው መስመር ከጉልበቷ በላይ፣ ጭኗ ላይ ይታያል።

«ኢንጂነር፣ እኔ ትናንት መካከሉ ድረስ ገብቼ ነበር። እዚህ ነው የደረሰው።»

«አይሆንም።»

«እግሬ አይዋሽም።»

«ንድፉ ላይ አንድ ከሃምሳ ነው ያልኩሽ!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሐረገወይን መልስ ሳትሰጥ ረጅም ሸምበቆ ቆርጣ ውሃው ውስጥ አቆመችው። ሰባ ሳንቲም ላይ መሬት ነካ። ጫን ስትለው ደግሞ መሬት የመሰለው ነገር እያፈገፈገ ሸምበቆውን ዋጠው። ከሥሩ ሰማንያ ሳንቲም የረጋ ደለል ተኝቷል። እዮኤል ሸምበቆውን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ሁለተኛውንም ኩሬ ለካ። ሦስተኛውንም። ከዚያ ድንጋዮቹን አንሥቶ ወረቀቱን ጠቀለለ።

«ንድፉ ላይ ደለል ማስቀሪያ ገንዳ ነበረው፤» አለ ቀስ ብሎ። «ለምረቃው ይድረስ ተብሎ ሳይሠራ ቀረ። እኔም ካስረከብኩ በኋላ መጥቼ አላየሁትም።»

ደለሉ ከየት እንደመጣ የነገራት ካሳሁን ነው። በነሐሴ ከደጋው ቀዩ ጎርፍ ሲወርድ አብዱረሂም የኩሬዎቹን መግቢያ ወለል አድርጎ ከፍቶ ነበር።

«ምን ነካው?»

«ምን ይነካዋል ሳጅን? እኛ አገር ጎርፍ ሲመጣ በር ይከፈትለታል እንጂ አይዘጋበትም። ጭቃው ነው ማሽላውን የሚያበቅለው። ሲሳይ ነው። ዓሦቹም ይጥገቡ ብሎ ነው። ጎርፍ እያለፈ በር ዘግቶ መቀመጥማ እንግዳ እንደ መመለስ ነው።»

ነገሩ ተገጣጠመ። መድኃኒቱ ለአንድ ሜትር ከሃምሳ ውሃ ተሰልቶ ለሰባ ሳንቲም ተሰጠ። ዓሦቹ በእጥፍ ተቃጠሉ። ከዚያ አንድ ሰው ከካሳሁን አጥር ጣሳ ነቅሎ ሳሩ ውስጥ ጣለ። ጣቶቹ ቡናማ የሆኑ ሰው።

*

ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለአለቃዋ ሁሉንም ነገረችው።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ፤» አለ ብርሃኑ በምሬት። «የማዕከሉን ባለሙያ? በእንግዶቹ ዋዜማ? ቃሏን ሳትቀበይ?»

«ሰውየው ንጹሕ ነው። ልልቀቀው።»

«ሌላ ሰው በእጅሽ ሳይኖር ያለውን አትለቂም። ነገ ቃሏን ተቀበይና ትለቂዋለሽ። አንድ ሌሊት ምን አላት?»

መከራከር ነበረባት። ደክሟት ነበር፤ እግሯ አብጧል፤ ልቧም በማግኘቷ ተደስቷል። እሺ አለች። ስታልፍ በእስር ክፍሉ ፍርግርግ አየችው። ግድግዳው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። አልጠራችውም። ነገ በምሥራች እቀሰቅሰዋለሁ ብላ አሰበች፤ ፈገግም አለች። ይህን ፈገግታዋን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ሶስና የተከራየችበት ቤት ሄደች። እንግዶቹ በዓሦቹ ሽታ ምክንያት ጉብኝቱን ሰርዘው ወደ ሌላ ወረዳ አልፈዋል።

«ጣቶችሽን አሳዪኝ።»

ሶስና ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«እንሶስላ መስሎኝ ነበር። እንሶስላ ግን በሁለቱም እጅ ነው የሚሞቀው።»

ልጅቱ አልካደችም። የሚክድ ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል፤ እሷ ለሁለት ቀን አልበላችም፣ አልተኛችም።

«ታመው ነበር፤» አለች። «ስንጥባቸውን ተባይ ወሮት አየር እያጠራቸው ነበር። እንግዶቹ ደግሞ ሊመጡ ሦስት ቀን ቀራቸው። ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ ሰጠኋቸው። ልኩን አስልቼ ነው የሰጠሁት።»

«ኩሬውን ለካሽው?»

«ንድፉ ላይ እኮ...»

«ለካሽው ወይ ነው የምልሽ?»

«አልለካሁትም።»

እንዲህ ናት። ስድስት ዓመት የተማረች፣ ለዓሣ የምታለቅስ ልጅ፣ አንድ እንጨት ውሃ ውስጥ ማቆም ታክቷት ሁለት ሺህ ነፍስ አጠፋች። ሐረገወይን ንዴቷን መዋጥ አቃታት።

«ጣሳውስ?»

«ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ልይ ብዬ መጣሁ። ሁሉም አልቀዋል። የዓሣ ሐኪሟ ዓሣ ጨረሰች ሊባል ነው፤ ስሜ፣ ሥራዬ... አጥሩ ላይ ጣሳውን አየሁት። ካሳሁንን ይጠይቁታል፣ ሁለት ቀን ያቆዩታል፣ ማስረጃ ሲያጡ ይለቁታል ብዬ ነው። አብዱረሂም ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከታሰረ በኋላስ? ለምን ዝም አልሽ?»

ሶስና የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ረቡዕ መድኃኒቱን ስትሰጪ እሱ የት ነበር?»

«ቤቱ። ቀን ላይ መጥቼ የላክሁት እኔ ነኝ። ጥበቃ ትቶ ሄደ እንዳይሉህ፣ ማንም ቢጠይቅህ እዚሁ ነበርኩ በል አልኩት። በዚያ ሁኔታ መቆም አይችልም ነበር። ወባው ተነሥቶበት ይንቀጠቀጥ ነበር።»

የሐረገወይን ብዕር ቆመ።

ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋቢው። ላቡ። በርዶኝ ነው ያለው። እሷ ደግሞ ሳቀች። ወረቀቱን ለባልደረባዋ ወርውራ በሩን ሳትዘጋ ሮጠች። ባጃጅ አልጠበቀችም። እስከ ጣቢያው በእግሯ ሮጠች።

የእስር ክፍሉ በር ክፍት ነው። ዘቡ ኮፍያውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ከንጋት ጀምሮ ይቃዥ ነበር ሳጅን፤» አለ ዓይኗን ሳያይ። «በሩን ክፈቱለት፣ ጎርፉ መጣ ይል ነበር። እንድንፈታው የሚለማመጥ መስሎን ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ዝም አለ። ተኛ አልን።»

ገብታ ተንበረከከች። ግንባሩን ዳሰሰችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተር ብርሃኑ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። «በሕመም ሞተ ብለሽ ጻፊ፤» አላት። ሐረገወይን ሸምበቆ ቆርጣ የጭቃን ጥልቀት ለክታለች፤ የሸረሪት ድር መርምራለች፤ የሴት ጣት ቀለም አንብባለች። በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ አንዴ እጇን ዘርግታ የአንድን ሰው ግንባር አልነካችም። እዮኤልን በወረቀቱ ስትታዘበው፣ ሶስናን «ለካሽው ወይ?» ብላ ስትጮህባት፣ እሷ ያልለካችው ትኩሳት እዚህ ይነድ ነበር። ገዳይ ፈልጋ ነበር፤ አገኘች።

መሳቢያዋን ከፈተች። ከሃያ አራቱ ክኒኖች አራቱ ተነሥተዋል። ሃያው እንዳለ አለ። ፓኮዋን ይዛ ወጣች።

ጠይባ ግቢው በር ላይ የምሳ ሳህን በጨርቅ ቋጥራ ቆማለች። ቅዳሜ ይፈታል የሚል ወሬ ከካሳሁን ሰምታ ነው የመጣችው። ሐረገወይን ሄዳ ነገረቻት። እንዴት እንደነገረቻት አታስታውስም። ጠይባ አልጮኸችም። «ኢና ሊላሂ» አለች ከከንፈሯ ሳይወጣ። ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ የሐረገወይንን እጅ አየች።

«አልሰጠሽውም?»

«አልሰጠሁትም።»

«የጤና ኬላዋ ልጅ ረቡዕ ቤት መጥታ አይታው ስትሰጠኝ ስሙን ጽፋበታለች። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም። ቤት እንደነበረ እዚያ ላይ አለ ብዬ ነው ያመጣሁት። እኔ ማንበብ አልችልም። አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።»

ሐረገወይን ፓኮዋን ገለበጠች። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ ተጽፏል።

«አንብቢልኝ፤» አለች ጠይባ።

ፖሊሷ ፀሐይ ላይ ቆማ አነበበችላት።

«አብዱረሂም። ዕድሜ አርባ ስድስት። ጥቅምት ዐሥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከፍተኛ ትኩሳት። ጠዋት አራት፣ ማታ አራት፣ ለሦስት ቀን። ሳይቋረጥ ይወሰድ።»